በማለዳ የመጣ ተከራይ

ደብረ ብርሃን፣ ጎህ ሲቀድ፤ ወይዘሮ አመለወርቅ ከተዘጋው የቆርቆሮ በር በውስጥ በኩል፣ ቤት ሊከራይ የመጣው ስንሻው በውጭ በኩል ቆመዋል፤ ሁለት ሽማግሌዎች ራቅ ብለው ከአጥሩ ጥግ በጭጋጉ ውስጥ ይጠብቃሉ።

አመለወርቅ፦ አልከፍትም አልኩ! ይዘኸው የመጣኸውን ነገር ይዘኸው ተመለስ!

ስንሻው፦ እትዬ፣ ባዶ እጄን ነው የመጣሁት። የሚከራየውን ክፍል ፈልጌ ነው። ስንሻው እባላለሁ፤ ደላላው ዘርፉ ነው የላከኝ።

አመለወርቅ፦ ቤት ፈላጊ ወፍ ሳይንጫጫ ይመጣል?

ስንሻው፦ ወፍ ከተንጫጫ በኋላማ ቤት የታለ? ባለፈው አንዱ ግቢ ሁለት ሰዓት ላይ ብደርስ፣ ሌላ ሰው አልጋውን በጋሪ እያስገባ ጠበቀኝ። ከዚያም በፊት «ክፍሉን ልየው» ብዬ ጫማዬን ሳወልቅ፣ ከኋላዬ የነበረው ሰው ጫማውን ሳያወልቅ ገብቶ ተከራየው። ፋብሪካው ሲበዛ ሰዉ በዛ፤ ቤቱ ግን ያው የድሮው ነው።

አመለወርቅ፦ አፍ አለህ። እንዲህ ላለ ነገር የሚልኩት አፍ ያለውን ነው።

ስንሻው፦ እኔ? እኔኮ ዳቦ ቤት ተሰልፌ ሰው ሲቀድመኝ ዝም የምል ሰው ነኝ። አሁንም የምናገረው በሩ መሀላችን ስላለ ነው።

አመለወርቅ፦ በመስኮት አይቻችኋለሁ። ሦስት ሆናችሁ ነው ከጭጋጉ የወጣችሁት። ሁለቱ እነማን ናቸው?

ስንሻው፦ ዋሶቼ ናቸው።

አመለወርቅ፦ ስማቸውን ጥራ።

ስንሻው፦ አንደኛው አቶ ልሳኑ ናቸው፣ የእድሩ ዳኛ። ምርኩዝ የያዙት ደግሞ ጋሽ ቅጣው።

አመለወርቅ፦ ወይኔ! ወይኔ ልጄ! ወይኔ ናሁሰናይ!

ስንሻው፦ ምነው እትዬ? ምን አጠፋሁ?

አመለወርቅ፦ ንገረኝ! ጨርሰህ ንገረኝ! አይ፣ አትንገረኝ! አፍህን ያዝ!

ስንሻው፦ ይዣለሁ። እትዬ? አሉ? ልልቀቀው?

አመለወርቅ፦ ጋሽ ቅጣው በዚህ ሰፈር ማን እንደሆነ ታውቃለህ?

ስንሻው፦ የተከበሩ ሽማግሌ።

አመለወርቅ፦ መርዶ ነጋሪ ነው! ለአረጋሽ የባሏን የነገራት እሱ። ለጉልላት የእናቱን የነገረው እሱ። በዚህ ሰፈር በማለዳ የተጮኸበትን ቤት ሁሉ ብትጠይቅ፣ ከጩኸቱ በፊት ደጁን የረገጠው የጋሽ ቅጣው ምርኩዝ ነው። እኔ ገና ከሩቅ ሳየው መንገድ እቀይራለሁ። አንተ ግን ከእድሩ ዳኛ ጋር አጣምረህ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ደጄ ላይ አቁመኸው «ቤት ፈልጌ» ትለኛለህ!

ስንሻው፦ በምን አውቄ እትዬ! እኔ የመራቤቴ ሰው ነኝ፤ እዚህ ዘመድ የለኝም። ደላላው «ሴትዮዋ ሰው ለሌለው ሰው አታከራይም» አለኝ። ሰው ከየት ላምጣ? እታች ሱቅ ገብቼ «በዚህ ሰፈር ቃሉ የሚሰማ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ባለሱቁ «ጋሽ ቅጣው ሄዶ ያልተከፈተ በር የለም» አለኝ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ብዬ ሄጄ ለመንኳቸው።

አመለወርቅ፦ ለማያውቀው ሰው ዋስ ልሁን አለ?

ስንሻው፦ በአንድ ቃል። እኔንም ገርሞኛል። ደግ ሰው ናቸው።

አመለወርቅ፦ ማል።

ስንሻው፦ ማርያምን! ቤት ፈልጌ ነው።

አመለወርቅ፦ ማርያምን የማይል ማን አለ? ሚስት አለችህ?

ስንሻው፦ አለች። የውብዳር ትባላለች።

አመለወርቅ፦ የውብዳር ትሙት በለኝ።

ስንሻው፦ እሱንስ አልልም።

አመለወርቅ፦ ይኸው! ይኸው ያዝኩህ!

ስንሻው፦ አልያዙኝም። እኔ ልሙት እላለሁ። እሷን ግን በዚህ ሰሞን ትሙት አልልም።

አመለወርቅ፦ በዚህ ሰሞን ምን አለ?

ስንሻው፦ ምንም። ዝም ብዬ ነው።

አመለወርቅ፦ ምንም የለም እያልክ ድምፅህ ተንቀጠቀጠ።

ስንሻው፦ ብርዱ ነው እትዬ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ገና አልለመድኩትም።

አመለወርቅ፦ እንግዲያውስ ተከራከረኝ።

ስንሻው፦ በምን?

አመለወርቅ፦ በውሃው! በመብራቱ! መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ስለ ውሃ አይከራከርም፤ አንጀቱ አይችልለትም። በእውነት ቤት ፈላጊ ከሆንክ ተከራከረኝ።

ስንሻው፦ እሺ።

አመለወርቅ፦ ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። የአንተ ድርሻ አንድ ጀሪካን ነው።

ስንሻው፦ እሺ።

አመለወርቅ፦ ለሳምንቱ!

ስንሻው፦ እሺ፣ እናብቃቃዋለን።

አመለወርቅ፦ መብራት እንደመሸ ይጠፋል። ልብስ በካውያ መተኮስ የለም።

ስንሻው፦ እሺ እትዬ። ተተኩሶ የሚለበስ ልብስም የለንም።

አመለወርቅ፦ ወይኔ! አዝነህልኝ ነው! እሺ እሺ የምትለኝ አዝነህልኝ ነው! ውሃ ተከልክሎ እሺ የሚል ተከራይ የት አገር አይተሃል?

ስንሻው፦ አዝኜ አይደለም፣ ፈርቼ ነው! ደላላው «አንድ ቃል ከመለስክ ቤቱን ሌላ ሰው ይወስደዋል» ብሎኛል። ከአከራይ ጋር ተከራክሮ ቤት ያገኘ ሰውስ የት አገር አለ?

አመለወርቅ፦ እዚህ። እኔ ደጅ። ተከራከር!

ስንሻው፦ እንግዲያው… አንድ ጀሪካን አይበቃም መሰለኝ።

አመለወርቅ፦ መሰለኝ ምንድን ነው? ጮክ በል!

ስንሻው፦ አይበቃም! አንድ ጀሪካን ለድመትም አይበቃም! አራት እፈልጋለሁ!

አመለወርቅ፦ አራት! ጠላ ልትጠምቅ ነው? ሁለት።

ስንሻው፦ አራት!

አመለወርቅ፦ ሁለት ተኩል፣ በቃ።

ስንሻው፦ ግማሽ ጀሪካን ምን ይሠራል? አራት ነው ያልኩት! የሽንት ጨርቅ በሁለት ተኩል ጀሪካን አይታጠብም!

አመለወርቅ፦ የማን ሽንት ጨርቅ? የማን ሽንት ጨርቅ ነው፣ አንተ ልጅ?

ስንሻው፦ አመለጠኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

አመለወርቅ፦ ተረቱን ተወውና ንገረኝ።

ስንሻው፦ የውብዳር ነፍሰ ጡር ናት እትዬ። ወሯ ገብቷል። ያለንበት ቤት ባለቤት «ሕፃን አልፈልግም፣ ሳትወልድ ውጡ» ብሎን ሰኞ ክፍሉን ለሌላ ያስረክባል። በሄድኩበት ሁሉ «ስንት ናችሁ?» ይሉኛል። «ሁለት ነን» እላለሁ። እሷን ይዤ ስመጣ ሆዷን አይተው «ይቅርታ፣ ቤቱ ተይዟል» ይላሉ። አንዷ ሴትዮማ እኔን ትታ ሆዷን ነው ያናገረችው፤ «አንተ ስትመጣ የት ልትተኛ ነው?» አለችው። ትሙት ያላልኩት ለዚህ ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ ደግሞ አግብቼ፣ አርግዛ፣ ከዚያ ነው የጨነቀኝ። ይኸው አወቁት። በሉ ደኅና ይዋሉ፤ ሽማግሌዎቹንም ይዤ ልሂድ።

አመለወርቅ፦ ቁም! የት ነው የምትሄደው?

ስንሻው፦ ሌላ በር ላንኳኳ ነዋ።

አመለወርቅ፦ እየሳቅሁ ነው እኮ፤ አይሰማህም?

ስንሻው፦ እያለቀሱ መስሎኝ ነበር።

አመለወርቅ፦ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ከሳቅሁ ብዙ ጊዜ ሆነኝ፤ ድምፁን ረስቼዋለሁ። መርዶ የያዘ ሰው የሽንት ጨርቅ አያነሣም። ቤት ፈላጊ ነህ፤ አመንኩህ።

ስንሻው፦ ተመስገን።

አመለወርቅ፦ አትቀየመኝ። በእባብ የተነደፈ በልጥ ይደነግጣል። ናሁሰናይ ያለኝ አንድ ልጅ ነው። በመተማ ወጣ። ሊቢያ ገባሁ አለ። መስከረም ላይ ደውሎ «እማዬ፣ ባሕሩን ልንሻገር ነው፣ ለጥቂት ቀን ስልክ የለኝም» አለኝ። ይኸው ግንቦት መጣ።

ስንሻው፦ ብዙዎች እንዲህ ጠፍተው ይገኛሉ እትዬ። የሰፈራችን አንድ ልጅ እስር ቤት ቆይቶ ደወለ።

አመለወርቅ፦ አዎ፣ እኔም እንደዚያ ነው የምለው። ሰው ግን ፊቴን ሲያይ ወሬውን ያቋርጣል። ሞት ቢዘገይ የቀረ ይመስላል አለችኝ አንዷ፣ ስለ ጎረቤቷ ስታወራ። ስለ ጎረቤቷ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። እኔ ግን ሞቱ ያልተነገረኝ ልጅ አልሞተም ብዬ ይዣለሁ። በሬ እስካልተከፈተ ድረስ ልጄ መንገድ ላይ ነው።

ስንሻው፦ የሚከራየው የእሱ ክፍል ነው?

አመለወርቅ፦ የእሱ ነው። ዘርፉ አልነገረህም? ማከራየት የፈለግሁት ገንዘቡን ብዬ አይደለም። ሌሊት አልጋው ይንቋቋል። ሰው ከጎን ወደ ጎን ሲገላበጥ እንደሚንቋቋው። ጎረቤቶቼ አይጥ ነው ይላሉ። አይጥ እንዲያ ከብዶ ይገላበጣል?

ስንሻው፦ እንጨቱ ብርድ ሲነካው ይሆናል።

አመለወርቅ፦ ይሆናል። ተነሥቼ ስገባ አልጋው ባዶ ነው፤ ትራሱ ግን መሀሉ ጎድጎድ ብሏል። በእጄ አስተካክዬው እወጣለሁ፤ በማግስቱም ያው ነው። ስለዚህ ሰው ይግባበት አልኩ። ያ ድምፅ ባለቤት ይኑረው። ሌሊት ሲንቋቋ «ተከራዩ ነው» ብዬ ልተኛ።

ስንሻው፦ ታዲያ ይህን ያህል ሰው መጥቶ ለምን አልሰጡም?

አመለወርቅ፦ አንዱ ገብቶ ግድግዳውን በክንዱ ለካ፤ ትልቅ አልጋ ሊያስገባ። ክንዱን ዘርግቶ ግድግዳውን ሲያቅፍ ደስ አላለኝም። አንዷ ጥሩ ልጅ ነበረች፣ ተማሪ ነገር ናት፤ ግን ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን ካፖርት አይታ «ይኼ መቼ ይወሰዳል?» አለች። ሌላው ደግሞ ጭራሽ «የሞተ ሰው ክፍል ነው እንዴ?» አለኝ። በመጥረጊያ ነው ያስወጣሁት።

ስንሻው፦ ካፖርቱ ከነበረበት አይነካም። የኛ ልብስ በካርቶን ይቀመጣል።

አመለወርቅ፦ ትራሱስ?

ስንሻው፦ የራሳችን ትራስ አለን። የእሱን ከፈለጉ እርስዎ ጋ ይውሰዱት፤ ካልፈለጉ ከላይ ሰቅለን በንጹሕ ጨርቅ እንሸፍነዋለን።

አመለወርቅ፦ በድንገት ቢመጣስ? ሌሊት ቢመጣስ?

ስንሻው፦ ተነሥተን እንለቅለታለን።

አመለወርቅ፦ ከነአራስ ልጅህ?

ስንሻው፦ እርስዎ ማድ ቤት ለአንድ ሌሊት ቦታ አይጠፋም። የገዛ ቤቱ ነው፤ ቁመን አንከራከረውም። ለነገሩ የርስዎ ልጅ ከሆነ እሱም አራስ አያስወጣም።

አመለወርቅ፦ አያስወጣም። እሱ እኮ ከዶሮ ጋር ይነጋገር የነበረ ልጅ ነው።

ስንሻው፦ አንድ ነገር ልንገርዎት ብዬ ነው፤ በኋላ እንዳይጣሉኝ። ሕፃን ሌሊት ያለቅሳል።

አመለወርቅ፦ ያልቅስ! ለዚህ ግቢ እንዲህ ያለ ልቅሶ ይግባለት። እኔ እታቀፈዋለሁ። ገንፎውን እኔ አገነፋለሁ። ለመሆኑ አራሷን የሚያርሳት ማን አላት?

ስንሻው፦ እናቷ ሩቅ ናቸው። እኔ ነበርኩ ላርሳት ያሰብኩት።

አመለወርቅ፦ አንተ? ጀሪካን ለመከራከር ያፈርክ ሰው ገንፎ ልታገነፋ? ቤቱ የአንተ ነው።

ስንሻው፦ እትዬ… በእውነት?

አመለወርቅ፦ በእውነት። ከነሦስት ጀሪካኑ።

ስንሻው፦ አራት ነበር እኮ።

አመለወርቅ፦ ለመድክ! በል እንደ ደንቡ በልልኝ፤ ከዚህ ደጅ ሳይሰማ የቆየ ቃል ነው።

ስንሻው፦ ቤት ለእንቦሳ።

አመለወርቅ፦ እንቦሳ እሰሩ! እሰሩ፣ ውለዱ፣ ክበዱ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፤ ከማተቤ ጋር ነው ያሰርኩት፤ ቋጠሮው ጠብቋል፣ ታገሠኝ። ሽማግሌዎችህንም ጥራቸው። ጋሽ ቅጣውን ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ሰው በከንቱ ስጠላ ኖርኩ። ሐሙስ ለታም በሬን ሲያንኳኳ ትንፋሼን ውጬ ከበርሜሉ ኋላ ተደበቅሁ።

ስንሻው፦ ሐሙስ መጥተው ነበር?

አመለወርቅ፦ እንዲሁ በማለዳ። ከአቶ ልሳኑ ጋር። ለእድሩ ስብሰባ ይሆናል። ብዙ ቆመው ነው የሄዱት፣ ምስኪኖች።

ስንሻው፦ እኔ የለመንኳቸው ትናንት ነው።

አመለወርቅ፦ ትናንት ለምነሃቸው ዛሬ በዚህ ብርድ መጡልህ። እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል?

ስንሻው፦ ማታ፣ ከሥራ ስወጣ እንሂድ ብያቸው ነበር። በማለዳ ይሁን ያሉት እሳቸው ናቸው።

አመለወርቅ፦ ሽማግሌ ምን እንቅልፍ አለው። ይኸው ተፈታልኝ። ምንድን ነው የሚንሾካሾከው? ሰው ሰማሁ።

ስንሻው፦ ሰዎች መጡ።

አመለወርቅ፦ ሌሎች ቤት ፈላጊዎች ናቸው! ዘርፉ መቼም ለአንድ ቤት መቶ ሰው ይልካል። «ቤቱ ተይዟል» በላቸው።

ስንሻው፦ …

አመለወርቅ፦ በላቸው እንጂ! ዛሬም ሰው ሲቀድምህ ዝም ልትል ነው? ብዙ ናቸው?

ስንሻው፦ ብዙ ናቸው። ከጭጋጉ ገና እየወጡ ነው። ሴቶችም አሉ።

አመለወርቅ፦ ይኼ ሁሉ ሰው ለአንዲት ክፍል! አየህ ዕድልህን?

ስንሻው፦ አግዳሚ ወንበር የተሸከሙ አሉ።

አመለወርቅ፦ ዕቃቸውን ይዘው? ገና ሳልፈቅድላቸው? እንዲህ ያለ ድፍረትም አለ! ግድ የለህም፣ እኔ መሸጎሪያውን ስስበው አንተ ቶሎ ግባ፤ ከዚያ እዘጋባቸዋለሁ። የውብዳርን በኋላ ሄደህ ታመጣታለህ።

ስንሻው፦ ጋሽ ቅጣው ጠጋ አሉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

አመለወርቅ፦ ደግ አደረገ፣ ይግባ። አንተ ግን ምነው ድምፅህ ራቀብኝ? ወደኋላ ሄድክ እንዴ?

ስንሻው፦ እዚሁ ነኝ። ጀርባዬን በሩ ላይ አስደግፌያለሁ።

አመለወርቅ፦ እንዲያማ ከሆነ እንዴት ይከፈታል? ዞር በል እንጂ!

ስንሻው፦ እትዬ አመለወርቅ።

አመለወርቅ፦ ምነው?

ስንሻው፦ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል።

አመለወርቅ፦ የመጡት ለቤቱ ነው በለኝ። አንተ በለኝ፣ አንተን አምንሃለሁ። ሰኞ መውጫህ አይደለም? የውብዳር ወሯ ገብቶ የለ? ይኸው መሸጎሪያውን ይዤዋለሁ። «ለቤቱ ነው» በልና ልክፈትልህ።

ስንሻው፦ ቤቱ ይቅርብኝ እትዬ። አይክፈቱ።